በርሜሉ እንደሚዝግ ማን አጣው?

ጨውና ብረት እንደማይስማሙ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጨው የከረመበትን ጣሳ ማንሳት ይበቃል፤ ቂጡ እጅ ላይ ይፈርሳል።

ጀርመን ግን እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1978 ድረስ 126 ሺህ ገደማ የኒውክሌር ቆሻሻ በርሜሎችን አሰ በሚባል አሮጌ የጨው ማዕድን ማውጫ ውስጥ ከተተች፤ አብዛኞቹን 750 ሜትር ጥልቀት ላይ። መጀመሪያ በሥርዓት ይደረደሩ ነበር። ኋላ ላይ ሥራው እንዲፋጠን፣ ሠራተኛውም ብዙ ጨረር እንዳያገኘው ተብሎ በሎደር እየተገፉ ቁልቁል ተንከባለሉ፤ ላያቸው ላይ ጨው ተደፋ። ጎኑ ተሰርጉዶ፣ ክዳኑ ተጣሞ እዚያው የቀረው ስንት ነው!

የጊዜው መልስ “በርሜሉ ለማጓጓዣ ነው፤ ቆሻሻውን የሚይዘው ደረቁ ጨው ነው” የሚል ነበር። እኔን የሚያናድደኝ የብረቱ መዛግ ሳይሆን ይሄ መልስ ነው። ጨው ደረቅ ሆኖ ባይቀርስ? ከ1988 ጀምሮ ውሃ እየገባ ነው፤ በቀን 12 ሜትር ኩብ ያህል። ሲዝየም 137 በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተበከለ የጨው ውሃ መኖሩን ሕዝቡ የሰማው ደግሞ በ2008 ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ተከድኖ ይብሰል ተብሎ ነበር።

“ብረት ስለሚዝግ መቅበር ራሱ ከንቱ ነው” በሚሉት ግን አልስማማም። ሮማውያን የዛሬ 1,900 ዓመት ገደማ ስኮትላንድ ውስጥ ኢንችቱቲል ከተባለው ምሽጋቸው ሲለቁ ሰባት ቶን ያህል ሚስማር ቀብረው ሄዱ። በ1960ዎቹ መግቢያ ጉድጓዱ ሲከፈት ዳር ያሉት ዝገው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ያ ቅርፊት የከለላቸው የመሃሎቹ ግን ሚስማርነታቸውን አልለቀቁም። በጥልቅ ሸክላ አፈር ውስጥም ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ብረቱ ከውሃው ጋር እየተዋሐደ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር ሽፋን ያበጃል፤ ዝገቱም ያዘግማል። እዳው የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፤ መውጫ ካላገኘ ግፊቱ ይጨምራል። ስዊዘርላንዶች ለኒውክሌር ቆሻሻ ወፍራም የብረት መያዣ ሲነድፉ ስንት ሚሊሜትር እንደሚበላ አስልተው፣ ቢያንስ 1,000 ዓመት እንዲያልፍ ውፍረቱን ከዚያ በላይ አድርገው ነው።

አሰ ላይ በ2013 የወጣው ሕግ በርሜሎቹ ተመልሰው እንዲወጡ አዟል፤ ሥራው የታቀደው ከ2033 ጀምሮ ነበር። ከርቀት የሚታዘዘው ማሽን ሲደርስ ብዙ ቦታ የሚዝቀው በርሜል ሳይሆን በርሜል የነበረ ነገር ይሆናል፤ አብሮትም የተበከለውን ጨው።