ኦገስትን ለካውንቲ ክሪኬት መልሱለት

በሴፕቴምበር 2025 የእንግሊዝ ካውንቲ (የክፍለ ሀገር) ክሪኬት ክለቦች አንድ ከባድ ጉዳይ ዘጉ። በካውንቲ ሻምፒዮንሺፕ እያንዳንዱ ቡድን በዓመት የሚያደርጋቸው 14 ጨዋታዎች ይቀነሱ ወይስ ይቀጥሉ የሚል ነበር። ለውጡ እንዲያልፍ ከ18ቱ ክለቦች የ12ቱ ድጋፍ ያስፈልግ ነበር፤ አልተገኘም። 14ቱ ባሉበት ቀሩ። ደጋፊው እፎይ አለ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ቅሬታዬ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው።

ክሪኬት ብዙም ለማትከታተሉ ባጭሩ ላስረዳ። ሻምፒዮንሺፑ በይፋ የተጀመረው በ1890 ነው። አንዱ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል። ጠዋት አምስት ሰዓት ይጀመራል፣ ለምሳ ይቆማል፣ ለሻይ ይቆማል፣ አመሻሹ ላይ ለነገ ይቀጠራል። ተመልካቹ ጋዜጣውን ያነባል፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ያወራል፣ የውጤት መመዝገቢያ ወረቀቱን በእርሳስ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ይውላል። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ፀሐይ ይፈልጋል፣ የተመልካቹም ጊዜ ይፈልጋል።

እኛ አገር ክረምቱ በሚከብድበት በኦገስት እንግሊዝ ሞቃት ናት። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሠራተኛው ፈቃድ ይወጣል፣ ቀኑ ረጅም ነው። የአራት ቀኑ ጨዋታ ግን ልክ በዚያ ወር በአብዛኛው ይጠፋል። ግማሽ ያህሉ ጨዋታዎች በኤፕሪልና በሜይ ብርድ፣ ከቀሩትም አንዳንዶቹ በሴፕቴምበር ተጨናንቀው ይደረጋሉ። ከ2021 ጀምሮ ኦገስት ዘ ሀንድረድ የተባለው አጭር ውድድር ወር ሆኗል። እያንዳንዱ ቡድን 100 ኳስ ይጫወታል፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። ቤተሰብ ይወጣለታል፣ የሴቶቹም ውድድር በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ስለሚደረግ ብዙ ተመልካች አግኝቷል። ይህን በጎ ነገር አልክድም። ነገር ግን የሚካሄደው በስምንት ትልልቅ ሜዳዎች ብቻ ነው። የቶንተን፣ የካንተርበሪ፣ የዉስተር ሰው በደጁ አያገኘውም። ለእሱ የሚቀርለት በአንድ ቀን የሚያልቀው የ50 ኦቨር ዋንጫ ነው (አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው)፤ እሱንም ምርጥ ተጫዋቾቹ ወደ ዘ ሀንድረድ ከሄዱ በኋላ።

አንድ ነገር ቶሎ ይነሣብኛል። የእንግሊዝ አየር መቼ ታምኖ ያውቃል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በጁን 2 ቀን 1975 በደርቢሻየርና በላንካሻየር ጨዋታ መሀል የባክስተን ሜዳ በበረዶ ተሸፍኖ የዕለቱ ጨዋታ ቀርቷል። በማግስቱ ሜዳው ረጥቦ ስለነበር ደርቢሻየር በመጀመሪያው ዙር በ42 ነጥብ፣ በሁለተኛው በ87 ብቻ ወደቀ። ይህ ታሪክ ግን እስከ ዛሬ የሚወራው ብርቅ ስለሆነ ነው። የኤፕሪል ብርድ ብርቅ አይደለም። በየዓመቱ ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፔርሙሳቸውን ይዘው የሚቀመጡትን ጡረተኞች ማየት ይበቃል።

ሴፕቴምበርም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2019 ሶመርሴት በታሪኩ አንዴም አግኝቶት የማያውቀውን ዋንጫ ለማንሣት በመጨረሻው ጨዋታ ቶንተን ላይ ኤሴክስን ማሸነፍ ነበረበት። ዝናቡ አብዛኛውን ሰዓት በላው። ጨዋታው በአቻ አለቀ፣ ዋንጫውም ወደ ኤሴክስ ሄደ። በዚያ ቀን መጨረሻ የሶመርሴቱ ማርከስ ትሬስኮቲክ ተቀይሮ ወደ ሜዳ ገባ። ከ1993 ጀምሮ ለአንድ ክለብ ብቻ የተጫወተ ሰው ነው፤ የስንብት ቀኑ ነበር። ሜዳው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ዋንጫ ያጣ ሕዝብ እንዲያ ሲያጨበጭብ የሚያየው ልጅ ዕድሜ ልኩን የዚያ ክለብ ሰው ይሆናል። በሥራ ቀን፣ በትምህርት ሰዓት ግን ልጁን ማን ያመጣዋል?

ሌላም አለ። ሜዳው እርጥብ በሆነባቸው ወራት ኳሱን የሚያሽከረክሩ ስፒን ወርዋሪዎች ብዙም ሥራ የላቸውም። ሜዳው ደርቆ የሚሰነጣጠቀው በሞቃቱ ወቅት ነው። ስፒን ወርዋሪው ሾይብ ባሺር በፌብሯሪ 2024 ሕንድ ላይ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ ከዚያ በፊት የተጫወተው ስድስት የአራት ቀን ጨዋታ ብቻ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን የት ይማር?

የሚያንገበግበኝ ደግሞ የባለቤትነቱ ነገር ነው። ከ18ቱ ክለቦች 15ቱ የአባላት ናቸው። አባሉ የዓመት ክፍያውን ይከፍላል፣ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣል። ቀን መቁጠሪያው ሲወጣ ግን ቀድሞ የሚታየው የቴሌቪዥን ውልና የዘ ሀንድረድ ባለሀብት ነው። በ2025 የዘ ሀንድረድ ቡድኖች ድርሻ ሲሸጥ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገኝቷል። ዕዳ ላለበት ክለብ ይህ ትንሣኤ ነው፤ ገንዘቡ ይምጣ። ግን ለሚጠብቀው አባል በጋውን ሙሉ በሙሉ ማሳጣት የሽያጩ ዋጋ መሆን የለበትም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በኦገስት ሁለት ዙር የአራት ቀን ጨዋታ ይግባ። የተወሰኑ ተጫዋቾች ዘ ሀንድረድ ላይ ይሆናሉ፤ በእነሱ ቦታ ወጣቶቹ ይሞከሩ። አንዱ ዙር ደግሞ ከዋናዎቹ ሜዳዎች ይውጣ። የስካርብራ የክሪኬት ፌስቲቫል ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከተማው ባሕር ዳርቻ ነው፣ በኦገስት እረፍት የወጣው ሁሉ እዚያ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የክለብ አባላት ይህንኑ የውሳኔ ሐሳብ አድርገው ያቅርቡት፣ ድምፅም ይሰጥበት። እንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖችም የሰፈራችሁን ካውንቲ ሜዳ አንድ ቀን ከልጆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ እዩት፤ ከወደዳችሁት አባል ሁኑና አብራችሁ ጠይቁ።