ለውሃ ቸሮች ምስጋና

ዛሬ ምስጋናዬ ለችግኝ ውሃ ለማይሰስቱ ወገኖቼ ነው። ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ። ማር ሲበዛ ይመራል ያለው ሰው ችግኝ አሳድጎ አያውቅም መሰለኝ።

ቸርነታቸው የሚጀምረው ከዕቃ መረጣው ነው። ስስታሞቹ የእርጎ ኩባያ አጥበው፣ ቂጡን በምስማር በሳስተው ይዘሩበታል። የኔዎቹ ግን የሚያብረቀርቅ፣ ምንም ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ነው የሚያምራቸው። ቀዳዳ ካለውማ ጠረጴዛው ይረጥባላ! ደግሞ ሰፊ መሆን አለበት። ጥፍር የምታህል ቡቃያ ባልዲ ሙሉ አፈር ይሰጣታል፤ «ትደግበት» ተብሎ። ክር የመሰለ ሥሯ ያን ሁሉ እርጥበት መጥጦ አይጨርሰውም፤ አፈሩ ጨቅይቶ ይሰነብታል። ቢሆንም የባልዲ ባለቤት ናት።

ብልሆቹ ደግሞ ቀዳዳ ከመብሳት ከዕቃው ታች ጠጠር ያነጥፋሉ። ውሃው ግን አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አይወርድም። ስለዚህ ረግረጉ ወደ ሥሯ ጠጋ ይላል። ሥሯ ውሃ ፍለጋ እንዳትደክም ታስቦላት ነው እንግዲህ።

ሥርም አየር ይፈልጋል ብለው የሚጨቀጭቁ አሉ። በአፈሩ መሃል ያለውን ክፍተት ውሃ ከሞላው ሥሩ ይታፈናል፣ የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል ይላሉ። የወገኖቼ ጀግንነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጠወለገች? ጠምቷታል! ሌላ ጆግ። ጣት አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጎ እርጥበቱን ማየት እጅ ያቆሽሻል። ዕቃውን አንስቶ ከበደኝ ቀለለኝ ማለትማ የሥራ ፈት ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ ቀጥ ብላ የቆመች ቡቃያ ጠዋት ተጋድማ ትገኛለች። ቅጠሏ ገና አረንጓዴ ነው። ግንዷ ብቻ፣ ልክ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ቀጥኖና ጠቁሮ ሰልሏል። እርጥበት የሚወዱ ፈንገሶችና መሰሎቻቸው ሌሊቱን ድግስ ላይ ነበሩ። ጥቃቅን ትንኞችም ሳይጠሩ መጥተዋል።

ወገኖቼ በዚህ ይበገራሉ? «ዘሩ ነው መጥፎ» ብለው ሻጩን ይረግማሉ። ከዚያ ያንኑ ዕቃ ሳያጥቡ፣ ያንኑ አፈር ሳይቀይሩ እንደገና ይዘራሉ። ፈንገሱም ኪራይ ሳይጨመርበት ቤቱ ይቆያል።