በስምንት ሰዓት የሚያንኳኳ ካሜራ

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሰው በር የሚያንኳኳ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ መርዶ ነጋሪና ጎረቤቴ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ አግላው፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሳይቀሩ ጥላቸውን ሰብስበው እግራቸው ሥር በሚያስተኙበት፣ ውሻ እንኳ መጮህ በሚታክተው ሰዓት፣ ሽርጤን አገልድሜ ቬንትሌተሩ ፊት እንደተዘረርኩ፣ ቋ! ቋ! ቋ! ባለፈው እሑድ ለአራተኛ ጊዜ ነው። መርዶ ቢሆን በስንት ጣዕሙ።

«ተኝተህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተኛሁም፤ ግባ።» ጉንጬ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሞ እያየ አመነኝ።

«እኔ የምልህ፣ ትንሿ ትሻላለች ትልቁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር የምትኖር እህቱ ለፋሲካ ትመጣለች። ካሜራ አመጣልሃለሁ ብላዋለች፤ ወይ ኪስ የምትገባዋን ኮምፓክት፣ ወይ ሌንሱ የሚፈታ የሚገጠመውን ዲ ኤስ ኤል አር። ሁለቱን ሻንጣዋ ስለማይችል አንዱን ምረጥ ተብሏል። እኔ ደግሞ የሰፈሩ የካሜራ አዋቂ ነኝ። አዋቂነቴ የተገኘው አንዲት የኪስ ካሜራ ስላለችኝና መመሪያዋን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበብኩ ብቸኛው ሰው ስለሆንኩ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ በቅንነት አስረዳሁት። ትልቁ ካሜራ ሆዱ ውስጥ ዘመም ብሎ የቆመ መስታወት አለው፤ በሌንሱ የገባው ብርሃን እሱ ላይ አርፎ ወደ ላይ ይወጣና ዓይንህ ጋ ይደርሳል። ቁልፉን ስትጫነው መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ብርሃኑ ከኋላ ያለው፣ ብርሃንን ወደ ፎቶ የሚቀይረው ሰንሰር ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው ሁሉ የሚወደው «ቿክ» የሚል ድምፅ ከዚያ ነው። ትንሿ መስታወት የላትም፤ ሰንሰሯ ያየውን በስክሪኗ ታሳይሃለች፣ በቃ። ዋናው ልዩነት ግን የሰንሰሩ ስፋት ነው አልኩት። የብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች ሰንሰር 6 በ4.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የተለመደው ዲ ኤስ ኤል አር 23 በ15 ግድም ነው፤ በስፋት ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ፣ በሻማ፣ ጭል ጭል በሚል አዳራሽ ውስጥ ትልቁ ሲያይ ትንሿ ትደናበራለች፤ ፎቶዋ ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ትልቁ ደግሞ ከነሌንሱ ኪሎ ይጠጋል። በዚያ ላይ የኛ ከተማ ናት፤ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ በተነሳበት ቀን ሌንስ ለመቀየር ብለህ ከከፈትከው አቧራው ዘው ብሎ ሰንሰሩ ላይ ይቀመጥልሃል። ከዚያ ወዲያ ባነሳኸው ሰማይ ሁሉ፣ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ትንሿን ከሸሚዝ ኪስህ መዘዝ፣ ጠቅ፣ መልሰህ ክተት። ልጆችህን ለማንሳት ከሆነ ትንሿን ውሰድ አልኩት።

አዳመጠኝ። ሁለት ብርጭቆ ሻሂ ጠጣ። ከዚያ፣ «ጥሩ አድርገህ አስረዳኸኝ፤ ግን ትልቁ ግርማ ሞገስ አለው» አለኝ።

በሁለተኛው እሑድ «ሜጋ ፒክስሉስ?» ብሎ መጣ፤ በሬ ሊገዛ ጥርስ እንደሚቆጥር ሰው። ብዙ ሜጋ ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የሚሠራባቸው ሚሊዮን ነጥቦች፣ የምስር ፍሬ ላይ ቢታጨቁ ምስሯ ሽንብራ እንደማትሆን ልነግረው ብዬ ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩት። በፈረንጆች 1975 የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራት የመጀመሪያዋ ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋ ፒክስል ብቻ ነበረች፤ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅባታል፤ ክብደቷ 3.6 ኪሎ።

«3.6 ኪሎ?» አለ ዓይኑ በርቶ። «እሷ ናት ካሜራ!»

በሦስተኛው እሑድ ልጁ «አባዬ፣ ስልክ አለህ አይደል?» ስላለው ተቆጥቶ መጣ። ልጁ እውነቱን ነው። በፈረንጆች 2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ ወጥቶ ነበር፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ስልክ በልቶት በ2020 ከ10 ሚሊዮን በታች ወረደ። ትልልቆቹ አምራቾችም ፊታቸውን ሌንሱ የሚፈታ ግን መስታወት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል። ይህንንም ነገርኩት። «እንግዲያው ረክሷል ማለት ነው፤ ትልቁን መግዣው ጊዜ አሁን ነው» አለኝ።

ሰው ምክር ሲጠይቅ ምን እንደሚፈልግ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ምርቃት ነው የሚፈልገው። ልጁን ድሮ ቅልቅሉን ከጨረሰ በኋላ «ልጁን እንዴት አየኸው?» ይላል። ቦታውን ሸጦ ብሩን ቆጥሮ ከኪሱ ከቶ «ልሽጠው ይሆን?» ይልሃል። አንተ ደግሞ ሞኝ ሆነህ እንቅልፍህን ሰውተህ፣ ላብህን እየጠረግህ፣ ሚሊ ሜትር ትቆጥራለህ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ደግ ነበር፤ እምቢ የሚለውን እንጂ «እሺ፣ በጣም እሺ» እያለ የልቡን የሚሠራውን አላየም። እንዲህ ያለውን መከራም አይመክረው፤ መከራ መጥቶ ሲያንኳኳ ራሱ እኔ ቤት ተቀምጦ ሻሂ እየጠጣ ነው።

እኔ የምወደው ተረት ሌላ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። እንደዚህች ያለች ተረት የለችም። ባለ ትልቅ ካሜራ ባየሁ ቁጥር ምላሴ ላይ ትመጣለች። ሰውየው ትናንት የገዛውን ካሜራ፣ ከእጁ የሚረዝም ሌንስ ሰክቶ አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥለው ሠርግ ቤት መንገድ ይለቀቅለታል፤ ወንበር ይሳብለታል፤ ቁርበቱ ተነጠፈ ማለት ነው። እኔ ትንሿን ካሜራዬን ሳወጣ ግን «እሷን መልሳትና ና ብላ» ነው የምባለው። አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽነቷ በጀኝ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛው ባለ ትልቁን ሰውዬ «ፈቃድ አለህ?» ብሎ ሲያፋጥጥ፣ እኔ ሦስት ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። ምን እንደሚሠሩልኝ አላውቅም፤ የአጥር ፎቶዎች ናቸው።

ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህቺ የምወዳት ተረቴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሄዳ ትሰበራለች። ደንገጎን ወጥተህ፣ በአወዳይ የጫት ግርግር አልፈህ ሀረር ስትገባ ጅቡን የማያውቀው የለም፤ ግን ይነጠፍለታል። መነጠፍ ብቻ? በጀጎል ግንብ ሥር የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል። በአሹራ በዓል ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ በደንብ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል። ማታ ማታ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ሥጋ በእንጨት ሰክተው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ነክሰው የሚያጎርሱት ሰዎች አሉ። እንግዲህ ተረቱን ያወጣው ሰው ሀረርን አያውቅም ነበር፤ ወይም ያውቅና ቀንቶ ይሆናል።

እዚያ ጅቦቹ የሚጎርሱበት ቦታ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ብርሃኑ የመኪና መብራት ነው። አንድ ቱሪስት ሁለት ትልልቅ ካሜራ በደረቱ አጣምሮ፣ ሌንስ እየፈታ፣ ሌንስ እየሰካ፣ ክዳን ጨለማ ውስጥ ወድቆበት በጉልበቱ እየዳበሰ ነበር። ጅቡ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ሌላው ተተክቶ እሱም ጠግቦ ሄደ። አጠገቡ የቆመች ልጅ ግን የኪስ ካሜራዋን ቀሰረች፤ ፍላሹ ቧ! የትናንሾቹ ፍላሽ ሌንሱ አፍንጫ ሥር ስለሆነ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ገብቶ በመጣበት ይመለሳል፤ በሰው ላይ ሲሆን ያንን የሚያስጠላ ቀይ ዓይን ያመጣል። በጅብ ላይ ሲሆን ግን፣ እሰይ! አምስት ጅብ፣ አሥር ፋኖስ። ባለ ሁለት ካሜራው ሰውዬ ፎቶዋን ሲያይ ፊቱን ባነሳሁት ኖሮ፤ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ አፍሬ አላወጣኋትም።

ደግሞ በሀረር የትልቅ ካሜራ ጸጸት ዛሬ አልተጀመረም። አስጎብኚዎቹ «ራምቦ ቤት» እያሉ የሚያሳዩን ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ሀረር በተቀመጠበት ዘመን ካሜራ ከአገሩ ድረስ አስመጥቶ ነበር። በፈረንጆች 1883 ራሱን በራሱ አንስቶ ለቤተሰቡ ሰደደ፤ ከዛሬዎቹ ልጆች 130 ዓመት ቀድሞ ሰልፊ ማለት ነው። ፎቶዎቹ ነጣ ነጣ ብለው ስለወጡ ያጠብኩበት ውኃ መጥፎ ሆኖብኝ ነው ብሎ ጻፈላቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ካሜራውን ማመስገን ሲሆን ጥፋቱ የሀረር ውኃ! በ1885 ካሜራውን ሸጠው። ቆጭቶኛል፣ ግን በኪሳራ አልሸጥኩትም አለ። ባለ ትልቅ ካሜራ ሁሉ መጨረሻው ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ጎረቤቴም አንድ ቀን ይላታል።

ይህን ሁሉ የምለው ትልቁን ጠልቼ አይደለም። እሺ፣ ጠልቼ ነው። ምክንያት አለኝ።

ሠርጌን ያነሳው ሰው የከተማውን ትልቁን ካሜራ የያዘ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ዛሬም ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። በግንቦት ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሼ ለገሃር ፊት ሁለት ሰዓት አቆመኝ። «ባክግራውንዱን ብለር አደርግልሃለሁ» አለኝ፤ ያኔ ቃሏ አዲስ ነበረች፣ እኛም ደስ አለን። ትልቅ ሰንሰርና አፉን በሰፊው የከፈተ ሌንስ ሲገናኙ አንድ ነገር ላይ ብቻ ጥርት ይሉና ከፊቱም ከኋላውም ያለውን ያደበዝዛሉ። ይኼ ጥበብ ነው፣ አልክድም። ግን ጥበበኛው እናቴን «እማማ፣ እርስዎ ትንሽ ከኋላ ይሁኑ፣ ሙሽራዋን እንዳይሸፍኑ» አላት። እሷም እሺ ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በሌላውም፣ በሌላውም ፎቶ እንደዚያው።

አልበሙ ከስምንት ወር በኋላ፣ ተጨማሪ ብር ተከፍሎበት መጣ። የእኔ ክራባት ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። እናቴ የለችም። ማለቴ አለች፤ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ጭጋግ ሆና። ባለቤቴ ጀርባ ጭጋግ፣ ሚዜዎቹ ጀርባ ጭጋግ፣ ኬኩ ጀርባ ጭጋግ። ሄጄ ስጠይቀው «እንደዚህ ነው የሚያምረው» አለኝ። ወልዳ ያሳደገችኝን ሴት ባክግራውንድ አደረጋትና እንደዚህ ነው የሚያምረው አለኝ! እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዓመቱ አረፈች። ለዚያ ሰውዬ ሰላምታ የምመልሰው እግዚአብሔርን ፈርቼ ብቻ ነው።

ከዚያ ሠርግ የቀረችኝ አንዲት የእናቴ ፎቶ የእህቴ ልጅ ያነሳቻት ናት፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በተዋሰቻት የኪስ ካሜራ። አነሳሷ ዘመም ያለ ነው፣ የአጎቴ ግማሽ ጭንቅላት ተቆርጧል፣ ጥግ ላይ ያለችው ብርቱካንማ ቀን ማንም ስላላስተካከላት ሌላ ዓመት ትላለች። ግን የዚያች ምስር የምታህል ሰንሰር ጸባይ ሆኖ ቅርቡም ሩቁም እኩል ይጠራል። ሚሪንዳው ጥርት፣ የአስተናጋጁ ጫማ ጥርት፣ እናቴ ሳህኗን በአንድ እጇ ይዛ በሆነ ነገር እየሳቀች፣ ጥርት። ሳሎን ሰቅያታለሁ።

ታዲያ ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ትንሿ ወይስ ትልቁ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ቀና ብሎ አያት።

«እናትህ ናቸው? እንዴት ጥርት ብለዋል አቦ! ይቺ በትልቁ ነው የተነሳችው፣ አይደል?»

እንቅልፌ ድራሹ ጠፋ። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«አንተ የትኛውን መረጥክ?» አልኩት።

«ትልቁን ነዋ። እህቴ ገዝታዋለች እኮ።»

«መቼ ነው የነገርካት?»

አሰበ። «ከአምስት ሳምንት በፊት መሰለኝ።»

ቆጠርኩ። ከመጀመሪያው እሑድ በፊት ነው።

«ታዲያ እኔን ምን ብለህ ነው የምትጠይቀኝ?»

ከልቡ ተገረመ። «እንዴ! ሰው ሳያማክር ነገር ያደርጋል እንዴ?»

ቀዝቃዛ ውኃ ጠይቆኝ ጠጣና ወጣ። በሩን ሳልዘጋ ከማዶ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ቤት፣ ቋ! ቋ! ቋ! ሲል ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ተኝተው ነበር እንዴ?»