መርዙን መድኃኒት እያልን ሕጉን ለሻጩ ተውንለት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። ይሁን። ጉዳዩ ፀረ ተባይ ነው፤ ከዚያ ይበልጥ ግን የእኛ ዝምታ ነው።

ከስሙ ልጀምር። ተባይ የሚገድለውን መርዝ «መድኃኒት» እንለዋለን። «መድኃኒት ረጨሁ» ይላል ገበሬው፤ እኛም አብረን እንላለን። መድኃኒት የተባለን ነገር ማን ይፈራል? እስቲ የሚረጨውን ሰው ቀረብ ብላችሁ እዩት። መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሏል። ክዳኑ ያፈሳል፤ ሸሚዙ ርሶ ቆዳው ላይ ተለጥፏል። አፍና አፍንጫው አልተሸፈነም። የመርጫው ጫፍ ሲደፈንበት ነቅሎ ወደ አፉ ያስጠጋና እፍ ይልበታል። ማስጠንቀቂያው ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ በደቃቅ ፊደል፣ እሱ በማያነበው ቋንቋ። ማታ በዚያው ሸሚዝ ልጁን ያቅፋል።

ይህን ሰው «ጥንቃቄ የለውም» ብለን እንወቅሰዋለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መርዙ እጁ የገባው እኮ በሕግ ተፈቅዶ ነው! ሕጉ ሲረቀቅ እሱን የጠራው የለም። እኛም አልሄድንም። የሄዱት ሻጮቹና ትልልቆቹ የእርሻ ባለሀብቶች ናቸው። ጥናት ይዘው፣ ጠበቃ ይዘው፣ «ምርት ይቀንሳል፣ ሕዝብ ይራባል» የሚል ማስፈራሪያ ይዘው።

የማርቲኒክንና የጓዴሉፕን ታሪክ ስሙ። በካሪቢያን ያሉ የፈረንሳይ ደሴቶች ናቸው። ክሎርዴኮን የሚባል መርዝ ከ1972 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሙዝ እርሻቸው ውስጥ ይነሰነስ ነበር። በ1974 የማርቲኒክ የሙዝ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ መርዝ ይቅርልን የሚል ነበር። በ1975 አሜሪካ ውስጥ መርዙን የሚያመርተው ፋብሪካ ተዘጋ፤ ሠራተኞቹ እየተንቀጠቀጡ ታመው ነበር። ፈረንሳይ ግን እስከ 1990 አላገደችውም። ያም እገዳ ለደሴቶቹ አልደረሰም። የሙዝ አምራቾቹ ጠየቁ፣ ሚኒስትሮቹ በልዩ ፈቃድ እስከ 1993 አራዘሙላቸው። ዛሬ ከደሴቶቹ አዋቂ ነዋሪዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደማቸው ውስጥ ይህ መርዝ አለ። ከአፈሩም በቀላሉ አይለቅም። በጃንዋሪ 2023 የምርመራ ዳኞች፣ ያን ያህል ዘመን ላለፈው ድርጊት ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው ብለው የወንጀል ክሱን መዝገብ ዘጉት። የታሰረ ሰው የለም።

ሠራተኞቹ በ1974 አውቀው ነበር። የሰማቸው ግን አልነበረም። የእኛም ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወንዙ ከተበከለ በኋላ እናለቅሳለን፤ ረቂቁ ምክር ቤት ሲገባ ግን የኳስ ውጤት እንከታተላለን።

ብራዚልን ተመልከቱ። በ1989 ሕጓ መሠረት አንድ ፀረ ተባይ እንዲፈቀድ የጤና፣ የአካባቢና የግብርና መሥሪያ ቤቶች ሦስቱም ይመረምሩት ነበር። ተቃዋሚዎቹ «የመርዝ ጥቅል» ያሉት ረቂቅ ሚዛኑን ወደ ግብርናው አዘነበለው። ረቂቁ በ2002 ቀርቦ በዲሴምበር 2023 ሕግ ሆነ። በምክር ቤቱ ውስጥ ያለው የትልልቅ ባለመሬቶች ጎራ ከሃያ ዓመት በላይ ታግሶ ገፋበት። እኛ ረቂቅ ለማንበብ ሃያ ደቂቃ ይታክተናል።

«ታዲያ እንራብ ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ለዓመታት አንድ በአንድ አገደች። መርዝ ጠጥቶ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ፤ በእነዚያ እገዳዎች የተነሳም የሩዝ ምርቷ አልወደቀም። በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያንም ፀረ ተባይንም በአንድ ጊዜ የከለከለችው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በእርግጥ ጎድቷታል። እኔ የምለው ገዳዩ ተለይቶ ይውጣ ነው። ፓራኳት የሚባለውን የአረም ማጥፊያ አስቡ። ጉንጭ የማይሞላው ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። በአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ጀምሮ ታግዷል። እንግሊዝ ውስጥ ግን እየተመረተ ወደ ሌላው ዓለም ሲላክ ኖሯል። ለእነሱ ልጅ የማይሆን ለማን ልጅ ነው የሚሆነው?

እረ ተው ወገኔ፣ ይሄ የገበሬው ጉዳይ ብቻ ነው አትበል። የተባበሩት መንግሥታት በ2018 ያጸደቀው የገበሬዎች መብት መግለጫ፣ በአንቀጽ 14፣ ገበሬና የገጠር ሠራተኛ ለአደገኛ ኬሚካል ያለመጋለጥ መብት እንዳለው ይናገራል። በ2019 ደግሞ የድርጅቱ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በፓራጓይ ላይ ወሰነ። በአኩሪ አተር እርሻ መካከል የሚኖር አንድ ገበሬ በ2011 ሞቶ ነበር። መንግሥት ርጭቱን ባለመቆጣጠሩ የሰውዬውን በሕይወት የመኖር መብት ጥሷል ተባለ። ሕግ ነበር፣ የሚያስከብረው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ረቂቅ ለአስተያየት ሲወጣ ሂዱ። ጠይቁ፣ አንብቡ። መግቢያው ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ያምራል፣ ሁሌም ያምራል። «በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድ ይችላል» የሚለውን ፈልጉና እዚያ ላይ ቁሙ። ማን ነው የሚፈቅደው? ለስንት ጊዜ? የጤና መሥሪያ ቤቱ እምቢ ቢል ይሰማል? የማርቲኒክ ሙዝ አምራቾች ሦስት ዓመት ያገኙት እንደዚያ ባለች ቀዳዳ ነው።