ታታ ያላሉት የታታ ምክር

ጋሼ የሕንድ አነቃቂ ንግግር ሲነካባቸው አይወዱም። ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ የተማሩ ናቸው። «የሂንዱው መነኩሴ ቪቬካናንዳ “ተነሡ፣ ንቁ፣ ግባችሁ ሳትደርሱ አትቁሙ” ብለው ስንቱን ወጣት ቀሰቀሱ! የልደታቸው ቀን ጃንዋሪ 12 እስከ ዛሬ በሕንድ የወጣቶች ቀን ሆኖ ይከበራል» አሉ።

«እሱማ መሠረቱ ካታ ኡፓኒሻድ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ነው፣ ጋሼ። ምንጩ ስለሚታወቅ ገልጦ ማየት ይቻላል» አለች ፋርማሲስቷ። «እኔን የሚያናድደኝ አባት የሌለው ጥቅስ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ ኮሮና አገሩን በዘጋበት ሰሞን፣ “በዚህ ሰዓት እጅግ አነቃቂ” የሚል ጽሑፍ በሕንዱ የንግድ ሰው በራታን ታታ ስም ዞረ። ኢኮኖሚው ይወድቃል የሚሉ ባለሙያዎችን አትመኑ፤ ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ ተነሥታለች፣ እኛ ሕንዶችም በ1983 የክሪኬት ዓለም ዋንጫን ማንም ሳይጠብቀን ወስደናል ይላል። ታታ ራሳቸው ወጥተው “አላልኩትም፣ አልጻፍኩትም” አሉ።»

«ይሁና! ምክሩ ደግ ከሆነ ማንም ይበለው። ሱቁን ዘግቶ ለተቀመጠ ሰው ተስፋ ነው።»

«እኔም የምለው ስለ ባለ ሱቁ ነው። ታታ ማለት ከጨው እስከ ብረት የሚያመርት ድርጅት የመሩ ሰው ናቸው። ባለሙያ አትስማ ያሉት እሳቸው ከመሰሉት ተበድሮ ዕቃ ይሞላል። ስሙን አውጡና ያንብቡት፤ ጃፓንና ክሪኬት ስለዚያ ሰው ሱቅ ምን ያውቃሉ?»

ስልክ ጠጋኙ እዚህ ላይ ገባ። ጥቅስ ያለ ታዋቂ ስም ብዙ ርቀት አይሄድም አለ፤ ለዚህ ነው የቀድሞው የሕንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም በሕይወት ሳሉም ካረፉም በኋላ ያላሉት ሁሉ የሚለጠፍባቸው። ዋትስአፕ ላይ አምስትና ከዚያ በላይ እጅ ተቀባብሎ የመጣ መልእክት ሁለት ቀስት ይታይበታል፤ ከ2020 ወዲህም እንዲህ ያለውን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ግሩፕ በላይ መላክ አይቻልም። ችግሩ፣ ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ እንደ አዲስ ለለጠፈው ቀስቱ ይጠፋለታል። ስለዚህ ቀስት አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የት፣ መቼ፣ ለማን ተባለ የሚለውን ማየት ነው። ሦስቱም ከሌሉ ስሙ የተለጠፈ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል።

በየጠዋቱ በስልክ የሚላከውን የሰላምታ ምስልም እሱ ነው ያነሣው፤ ፀሐይ፣ ጽጌረዳ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ምክር። በ2018 እንደተዘገበው ሕንድ ውስጥ ከሦስት የስማርትፎን ተጠቃሚዎች አንዱ በየቀኑ ስልኩ ይሞላበት ነበር፤ ጉግልም ፋይልስ ጎ የተባለው መተግበሪያ እነዚህን ምስሎች ለይቶ እንዲያጠፋ አደረገ። ሜዲያ በራሱ እንዳይወርድ ከሴቲንግ መዝጋት ግማሹን ችግር ያቃልላል። «አያት ለልጅ ልጇ የምትልከው ነው እኮ፤ ደኅና አደርኩ ማለቷ ነው» አሉ ጋሼ። ማንም አልተከራከራቸውም።

የጦፈው ፈተና ሲነሣ ነው። ጋሼ ያለ ወኔ የሕንድን የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ማን ይወጣዋል አሉ። ፋርማሲስቷ ልጅ ቁጥር ይዛ ጠበቀቻቸው፦ ለ2023ቱ ፈተና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አመለከተ፤ ለሹመት የተመረጡት 1,016 ናቸው። «ሁሉም ሌሊቱን ሙሉ ቢያነቡ 1,017 አይሆኑም። መድረክ ላይ የሚወጣው ደግሞ ያለፈው ልጅ ብቻ ነው። ያላለፈውም ያንኑ ንግግር ሰምቶ፣ ያንኑ ያህል አንብቦ ነበር።»

ጋሼ ዝም አላሉም፤ ወኔ የሌለው ከመጀመሪያውም አይቀመጥም ብለው ጸኑ። ይህ እውነት ነው፤ የአያቲቱንም ጽጌረዳ የሚነካ እኔ አይደለሁም። በቀረው ግን ከልጅቷ ጋር ነኝ፤ በተለይ በፈተናው። «ፈጽሞ ተስፋ አትቁረጥ» የሚለው መልእክት፣ በአጠቃላይ ምድብ፣ ማለትም ያለ ልዩ ኮታ፣ ለሚወዳደር ልጅ የሚፈቀደው ስድስት ሙከራ ብቻ፣ ያውም እስከ 32 ዓመቱ መሆኑን አይነግረውም። አራተኛው ላይ ለደረሰ ልጅ የሚልክለት ሰው ካለ፣ የቀሩትን ሁለት ሙከራዎችና ጎን ለጎን የሚያመለክትበትን ሌላ ሥራ ቁጭ ብሎ አብሮት ያስላ።