ለ«ወራጅ አለ» ባለሙያዎች የቀረበ ምስጋና

ባሕር ዳር ባቡር ይገባታል። ጣና ዳር ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። «አዲስ አበባ ካላት እኛ ምን አንሶን?» እውነታቸውን ነው፤ ምንም አላነሰንም። እንዲያውም እኛ በባጃጅ የምናገኘውን አገልግሎት የአዲስ አበባ ሰው በባቡር አያገኘውም።

እስቲ የዚያን ባቡር ነገር እንየው። ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ይኼ ሁሉ ብር ፈስሶ ጣቢያው ስንት ነው? 39! ከአንዱ ጣቢያ እስከ ቀጣዩ 800 ሜትር ገደማ ነው። ቤትህ መሐል ላይ ከወደቀ በእግርህ ትኳትናለህ። በ41 ባቡር ተጀምሮ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸውን እንኳ ይቅር እንበል። ሰውን ከደጁ አለማውረድ ግን ምን የሚሉት ንቀት ነው?

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በቀደም ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ማዶ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ትንሽ እንደሄድን አንዲት እናት «ወራጅ አለ» አሉ። ቆመ። በቴሌብር ልክፈል አሉ። ኔትወርኩ አሰበበት። ከኋላችን የቆመው ሚኒባስ ጡሩንባውን ለቀቀው። እሳቸው ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ በክብር ከፈሉ። ባጃጁ ተነሳ። ገና ማርሽ ሳይቀይር ከጎኔ ያለው ወጣት «እዚችው ጋ» አለ። ወርዶ ዞር ሲል እናትዬው ደረሱበት። ተሳሳቁ። ለካ ጎረቤት ናቸው! ሹፌሩ «አብራችሁ ብትወርዱስ?» ቢል ወጣቱ «ፀሐዩን አታየውም እንዴ?» አለው።

እንዲህ ነው እንጂ መብትን ማወቅ!

ደግሞ ጥበቡ አደባባይ ላይ ነው የሚለየው። ልምድ ያለው ተሳፋሪ ባዶ መንገድ ላይ አይወርድም። ትራፊኩ እጁን እስኪዘረጋ፣ ከኋላ አውቶብስ እስኪጠጋ ይታገሣል። ከዚያ «ወራጅ!» በ2016 ግንቦት የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ለዚህ ጥበብ ሰፊ መድረክ ሆኗል። 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቶለታል። ፎቶ የሚያምረው ግን መሐሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ መውረድም መሐሉ ላይ።

አንዳንድ ነገረኞች ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ሁለት ደጃፍ በእግር ቢሄዱስ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ለሥልጣኔ ጠላት ናቸው። ብስክሌት የሚያስታውሱም አሉ፤ እነሱን እንለፋቸው።

የሚያሳስበኝ ባቡሩ ራሱ ነው። የከተማ ባቡር ፈጣን የሚባለው የሚቆምባቸው ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው። በቆመ ቁጥር ፍጥነት መቀነስ፣ በር መክፈት፣ በር መዝጋት፣ እንደገና መነሳት አለበት። በዚያ ላይ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንከባለል ድንገት ልቁም ቢል እሺ አይልም፤ ወራጁን አልፎ ሄዶ ነው የሚቆመው። የእኛ ሰው ይህን አይችልም። ሁለት ደጃፍ ወደ ኋላ ሊመለስ ነው?

ይገርማል፣ ይኸው ተሳፋሪ ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሄድ ወደቡ እስኪደርስ ጭጭ ብሎ ይቀመጣል። ጣና መሐል «ወራጅ አለ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጉማሬው አስፈርቶት ይሆን?

ስለዚህ ባቡሩን ለሚነድፉልን መሐንዲሶች ከወዲሁ ጥያቄያችንን እናቅርብ። ጣቢያ በየደጃፉ ይሁን። ኔትወርክ እስኪመጣ ባቡሩ በትዕግሥት ይጠብቅ። ነጂው «ትንሽ ገባ በልልኝ» ሲባል ሐዲዱን ለቆ ቅያስ ውስጥ ይግባ። ማዕዘን ላይ ላለ ቤት ደግሞ ሁለት ጣቢያ ይታሰብለት፤ የጓሮ በርም በር ነው።