«ስሙን ካልጠሩት አይመጣም»

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ጀርባ ካለ ግቢ ውስጥ፣ የእድር ስብሰባ ተበትኖ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የተነሳው። ራስን ስለ ማጥፋት በእድሩ ትምህርት ይሰጥ መባሉ ለአንድ ጡረተኛ ሰብሳቢ አልዋጥ ብሏቸዋል።

«ስሙን መጥራት ነገሩን መጥራት ነው» አሉ። «ደግሞ እሞታለሁ ብሎ የሚያወራ አይሞትም፤ ማስፈራሪያ ነው።» ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም፤ በድምፃቸው ግን ግቢውን ሞሉት።

የአእምሮ ጤና ነርሷ ስኒዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ያወራው እኮ አሳየን። ከዚህ በፊት ሞክሮ የተረፈ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሰጋል፤ በተለይ ከሆስፒታል በወጣባቸው ሳምንታት።»

«ብንጠይቀው አናስታውሰውም?»

«አያስታውሱትም፤ አስቦበት ከሆነ ይተነፍሳል። ግን አጠያየቅ አለው። ‹እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?› ያለ ሰው የሚያገኘው መልስ ‹አላስብም› ብቻ ነው። ‹ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?› ይባላል፣ በቀጥታ። ‹አዎ› ካለ እንዴትና መቼ እንዳሰበ፣ ያዘጋጀው ነገር እንዳለ ይጠየቃል። የቆረጠ ዕቅድ ካለው ለደቂቃም ብቻውን አይተውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አእምሮ ክፍል አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ‹ለማንም አልናገርም› ብሎ መማል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው።»

ምልክቶቹንም ዘረዘረች፦ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ ማብዛት፣ የሚወደውን ዕቃ ማደል፣ ሳይጠየቅ ዕዳ መዝጋት። ከረጅም ጭንቀት በኋላ ድንገት መረጋጋትንም ጨመረች።

«ሲረጋጋማ ዳነ ነዋ!» ጋሼ ሳቁ።

«ወስኖ ሊሆን ይችላል» አለች።

እዚህ ላይ ክርክሩ አብቅቶ ነበር፤ ጋሼ ግን ሰው ራሱን እንዳያጠፋበት የተባይ ማጥፊያ ይቆለፍ የሚባለውን ነገር አመጡ። «ቢቆለፍበት ሌላ ያገኛል።» ሰውዬው ለማንም የማይቀር ዕጣ ያከፋፍሉ ይመስል ነበር። ስሪላንካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የተባይ ማጥፊያዎች ከገበያ ስታስወጣ፣ ራሱን የሚያጠፋው ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ምክንያቱም የጭንቁ ጫፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ነው፤ እነዚያ ካለፉ አብዛኛው ሰው ይተርፋል። ስለዚህ ለአንድ ወቅት የሚበቃውን ብቻ መግዛት፣ በሳጥን መቆለፍ፣ ቁልፉን ከቤት ውጭ የሚታመን ሰው ዘንድ ማስቀመጥ ነው። ማጥፊያውን ወደ ውሃ ጠርሙስ መገልበጥማ ሕፃን ያስጨርሳል። የታማሚው መድኃኒትም በየሳምንቱ እየተቆጠረ ቢሰጥ ይሻላል።

«ጸሎቱስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ማን ከለከለ? ቄሱም ሼኩም ይምጡ። ሐኪሙን ግን አያስቀሩብን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ጋሼ።»

በረካው ተቀዳ፤ ጋሼም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ሽንፈት በጅማ እንዲህ ነው የሚታየው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን እሳቸው ብቻ አይደሉም። በዓለም በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ ይሞታል፤ እኛ ግን ፍትሐት እንዳይከለከል፣ ስም እንዳይጠፋ ብለን «ድንገት ታሞ» እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ቀባሪውን ሳይቀር እንዋሻለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል አንድ ሰዓት አይፈጅብንም። ያው ጎረቤት በሕይወት ሳለ ሦስት ሳምንት ከቤት ባይወጣ በሩን የሚያንኳኳ የለም፤ ጊዜው ሁሉንም ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አስቀርቶታል። ራስን ማጥፋትን የመከላከል የዓለም ቀን በእኛ ሁልጊዜ ጳጉሜ 5 ይውላል፣ ብዙውን ጊዜ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ያን ዕለት ሁላችንም ዶሮ ተራ ነን።

የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው አንድ ውሳኔ ነው፦ ተጨማሪ የለቅሶ ወንበር ይገዛ።